ጥርሴ የመሰከረብኝ ቀን

መብራቱ ጠፍቷል፤ ጨረቃም የለችም። ቀረብ ቀረብ በሉ። ጋኔን የሚወጣው በጨለማ ነው ያላችሁ ማነው? የኔ የመጣው በቀትር ነው። ልክ በስድስት ሰዓት፣ ፀሐይ አናት ስትበሳ፣ ከቁፋሮው ወደ መንደር በሚወርደው መንገድ ላይ። በዚያ ሰዓት በዚያ መንገድ ማን ይሄዳል? ማንም አይሄድም። እኔ ግን ሄድኩ። ለምን? ጅል ስለነበርኩ።

ያኔ ጠጉሬ ጥቁር፣ ምላሴም ረጅም ነበር። ከከተማ የመጡ ተመራማሪዎች ከመንደሩ በላይ ጥንታዊ መቃብር ሲቆፍሩ እኔን ዘበኛ አደረጉኝ። አለቃቸው ዶክተር ሕሊና የምትባል ቀጭን ሴት ነበረች። አንድ ቀን ከአንዱ ሟች መንጋጋ ጥርስ ነቅላ በብልቃጥ ስትከት አየኋትና፣ «የሞተ ሰው ጥርስ ምን ይሠራል?» አልኳት።

«ጋሽ ስንሻው፣ አጥንት ይታደሳል፤ ጥርስ ግን በሕፃንነት እንደተሠራ ይቀራል» አለችኝ። «በሕፃንነትዎ የጠጡት ውሃ፣ የበሉት እህል፣ እህሉ የበቀለበት አፈር፣ የሁሉም ምልክት ጥርስዎ ውስጥ አለ። ላቦራቶሪ ወስደን ስንመረምረው ሟቹ የት እንዳደገ ይነግረናል።»

ለማመሳከሪያም እዚሁ አገር ተወልዶ ያደገ ሰው ጥርስ እንደምትፈልግ ነገረችኝ። እኔ ዝም አልኩ? የት አባቴ! «የኔን ውሰጂ፤ እስከ ሰባት ቤት ድረስ እዚሁ ነን» አልኳት። በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄጄ ሲጠዘጥዘኝ የከረመውን መንጋጋ ጥርሴን አስነቀልኩና በመሐረብ ቋጥሬ አመጣሁላት። ያን ሰሞን ይህን ያላወራሁለት ሰው አልነበረም።

ጉራዬ ግን ቤቴ ውስጥ ሰው ያስለቅስ ነበር። ልጄ ያለምዘውድ ደምስ የሚባል ልጅ ወድዳለች። የደምስ ቤተሰቦች በሰፈራ የመጡ ናቸው። ጨዋ ሰዎች፣ ሠርቶ አዳሪዎች። ከየት እንደመጡ እንኳ ጠይቄ አላውቅም። አያቱ አባባ ይመር ሽማግሌ ሆነው ሁለት ጊዜ መጡ፤ ሁለቴም «ልጄን ለመጤ አልሰጥም» ብዬ ከደጅ መለስኳቸው። ያለምዘውድም፣ «ሦስተኛም ከመለስካቸው ወደማታውቀው አገር እሄዳለሁ፤ አትፈልገኝ» አለችኝ። እንደምታደርገው አውቃለሁ። ግትርነቷን ከማን ወሰደች መሰላችሁ?

እንግዲህ ያን ቀን ሠራተኞቹ ጥላ ሥር ተኝተዋል። እኔ ጄሪካን ይዤ ውሃ ልቀዳ ወረድኩ። ትንሽ እንደሄድኩ ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ። ቆምኩ፤ ኮቴው ቆመ። ሄድኩ፤ ሄደ። ዞር ብል አንድ ረጅም ሰውዬ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ጥላ የለውም! ቆይቼ ሳስበው ግን በዚያ ቀትር የኔስ ጥላ የት ነበረ?

«የማን ልጅ ነህ?» አለኝ። ሲናገር ያፏጫል። በጥርሱ መሐል ክፍተት አለ።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? ትሮጣላችሁ አይደል? እኔ ግን ዘር ቁጠር ከተባልኩ ጋኔንም ቢሆን አላሳፍርም። ደረቴን ነፍቼ ጀመርኩ። «ስንሻው መኩሪያ፣ መኩሪያ ድንቁ፣ ድንቁ ወልዱ…» ሰባቱንም ዘለቅኩለት። አንገቱን እየነቀነቀ እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

«እነሱን ሁሉ አውቃቸዋለሁ» አለ። «እዚሁ አጠገቤ ነው የተቀበሩት። አንተን ግን አላውቅህም። እስቲ አፍህን ክፈት፤ ጥርስህን ልየው።»

እጁን ወደ አፌ ዘረጋ። ጣቱ እንደ ጉድጓድ ውሃ ይቀዘቅዛል። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ቤቴ ውስጥ መሆኔን ነው። ጄሪካኑ የለም፤ አንድ ጫማዬም የለም። ሱሪዬን አትጠይቁኝ። ለሰው ሁሉ «ጅብ አባረረኝ» አልኩ። በቀትር ጅብ! ማንም አላመነኝም።

ወራት አለፉ። አባባ ይመር ለሦስተኛ ጊዜ ሊመጡ ቀጠሮ በያዙበት ዋዜማ ዶክተር ሕሊና ውጤቱን ይዛ መጣች። የሟቹ ጥርስ ከዚህ አገር አፈርና ውሃ ጋር ይስማማል። የኔ አይስማማም።

«ተቀያይሮብሽ ነው» አልኳት።

«ጋሽ ስንሻው፣ የበሰበሰው የእርስዎ ነው» አለችኝ።

እናቴ ዘንድ በረርኩ። ግድግዳ ተደግፋ ፀሐይ ትሞቃለች። ነገሩን ስነግራት ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

«ከላስታ በረሃብ ጊዜ ስመጣ በጀርባዬ ነበርክ» አለችኝ። «ሦስት ዓመትህ ነው። አባትህ መንገድ ላይ ቀረ። መኩሪያ የማን ልጅ ነው ሳይል አስገባን። ልጄ ነው ብሎ ስሙን ሰጠህ። መጤ እንዳይሉህ ለማንም ላንናገር ተማማልን።»

አፈርኩ። መኩሪያ ለመጤ ልጅ ስሙን ሲሰጥ፣ እኔ በዚያው ስም ሰው ከደጅ እመልስበት ነበር።

በማግስቱ አባባ ይመርን ደጅ ወጥቼ ተቀበልኳቸው። ከእናቴ አጠገብ አስቀመጥኳቸውና፣ «ይቅር ይበሉኝ፤ እኔም መጤ ነኝ፤ የላስታ ሰው ነኝ» አልኳቸው። ይስቃሉ ብዬ ስጠብቅ ፊታቸው ጠቆረ።

«እኛም ከላስታ ነን» አሉ። «ዘር ሳንቆጥር አይሆንም።»

ገባችሁ? እስከ ሰባት ቤት ከተገናኘን ልጆቹ ዘመዳሞች ናቸው፤ ጋብቻው ቀረ። ልጄን ልሰጥ በተነሣሁበት ቀን ልትጠፋብኝ ነው። ያለምዘውድ ምሰሶውን ይዛ ቆማለች።

የእናቴ ወገን በሰላም አለፈ። ወደ ወለደኝ አባቴ ወገን ዞረው ከልጆቹ ጀምረው ወደ ላይ ቆጠሩ። እናቴ አንድ ስም ትጠራለች፤ አባባ ይመር አንድ ስም ይጠራሉ። አራት፤ አልተገናኘም። አምስት። ስድስት፤ አልተገናኘም። ሰባተኛው ላይ እናቴ «ወልዴ» አለች። አባባ ይመር ዓይናቸውን ጨፈኑ። ስሙ ጠፋባቸው። ያኔ ያ ጋኔን መጥቶ ጥርሴን በሙሉ ቢያረግፈው በወደድኩ።

«ጓንጉል» አሉ በመጨረሻ።

ስምንተኛው ላይ ሁለቱም በአንድ አፍ «አምባዬ» አሉ። ስምንተኛው ይፈቀዳል። ሁለቱም ተነሥተው ተሳሳሙ። እኔ ላብ በላብ ሆኜ ተቀምጫለሁ። ልጄ መጥታ አጠገቤ ተንበረከከች።

«አባዬ፣ ፈራህ?» አለችኝ።

«ነፍሴ ወጥታ ነው የተመለሰችው።»

«እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነበር የምውለው» አለችኝ።

እጇን ይዤ አለቀስኩ።

በሉ እንግዲህ፣ መሽቷል። ሁለት ሁለት ሆናችሁ ሂዱ፤ ብቻውን የሚወጣ እንዳይኖር። እኔንም አንዳችሁ እስከ ደጄ ሸኙኝ።