ቀጭኑ ሽቦ

ወንድሜ ታፈረ የጣሊያኑን የድምፅ ማጉያ አላቃጠለም። በሐሰት ነው የተወሰደው፤ ይህ በጽሑፍ ይቀመጥልኝ። የቀረውን ስነግራችሁ አበደች እንዳትሉኝ፣ እኔ ድምፅ ሰማሁ የሚል ሰው ሲመጣ ስቄ የምመልስ ሴት ነኝ፣ እመኑኝ።

ጣሊያኑ ደብረ ታቦር ገበያ መካከል ምሰሶ አቁሞ አዋጅ የሚለፍፍበት ትልቅ ጡሩምባ ሰቀለ፤ ድምፁን የሚያጎላው ሣጥን ግን ማዶ ቢሮው ውስጥ ነበር። ታፈረ ድሮ የስልክ ሽቦ ይዘረጋ ስለነበር ሁለቱን አገናኝ አሉት፣ የሰጡት ሽቦ ግን ክር የምታህል የስልክ ሽቦ ነበረች። ምሳውን ይዤለት ሄጄ አጠገቡ ቆሜያለሁ፣ ታፈረ የጣሊያኑን አስተርጓሚ እንዲህ ሲለው በጆሮዬ ሰማሁ፦

«ጌታዬ፣ ለሹሙ ይንገሩልኝ፣ ይህ ሽቦ ለዚህ ማጉያ ቀጭን ነው። ይግላል፣ ልባሱ ይነድና ክሮቹ ይነካካሉ፣ ሣጥኑም ይቃጠላል። ወፍራም ይምጣ።»

አስተርጓሚው ወደ ጣሊያኑ ዞሮ ሁለት ሦስት ቃል አለ፣ ጣሊያኑም ሳቀና የታፈረን ትከሻ መታ መታ አደረገ።

«ቀጥል ብሏል» አለን አስተርጓሚው።

በማግስቱ ሣጥኑ ጭስ ተፋ። ታፈረን ሆን ብለህ ነው ብለው መኪና ላይ ጫኑት፣ እኔ «ወንድም ዓለም!» እያልኩ ስሮጥ፣ «እቴ፣ ቀጭን ነው ብያለሁ፣ አንቺ ሰምተሻል!» አለኝ። በቃ፣ ይኸው ነው፣ ከዚያ ወዲያ አላየሁትም።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ እኩለ ቀን አስተርጓሚውን ምሰሶው ሥር አገኘሁት። አጠገባችን የተቀመጠች ጨው ሻጭ «ዛሬስ አዋጁ ዲዳ ሆነ!» እያለች ትስቃለች።

«ወንድሜን የት አደረሳችሁት?» አልኩ።

«ሂጂ ወዲያ! በገዛ እጁ ያመጣው ነው።»

ይህን ብሎ ሳይጨርስ ከራሳችን በላይ ጡሩምባው እንደሚነድ ገለባ ተንጣጣ፣ ቀጥሎ ሳል ተሰማ፣ የታፈረ ሳል፣ ከልጅነቴ የማውቀው። ከዚያ ረጋ ብሎ፣ «ይህ ሽቦ ለዚህ ማጉያ ቀጭን ነው» አለ። ቀና ብል ሽቦው ተቆርጦ ጫፉ ነፋስ ላይ ይወዛወዛል። ጨው ሻጯ መስፈሪያዋን ጥላ አማተበች። አስተርጓሚው ግን ቀና እንኳ አላለም፣ ላቡ እየወረደ መሬት መሬት ያያል።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ይፋግ ድረስ በእግሬ ሄጄ አስተርጓሚው ቤት ደጃፍ ላይ ተቀመጥኩ። እስኪናገር አልነሣም አልኩት።

«ያን ቀን እርስዎ ለሹሙ ምን አሉት?»

«አመሰግናለሁ ይላል አልኩት። ተሳስተሃል ማለት ፈራሁ።»

«ታፈረስ? የት ነው ያለው?»



«እኔ እንጃ፣ እቴ። ቃሉን ስላላደረስኩለት ይመስለኛል፣ እስከ ዛሬ በየቀኑ ለእኔ ይነግረኛል።»