ዶክተር ያልጻፈችው መስመር

«እስቲ እንደገና አጥፍተሽ አብሪው» አሉ የኮምፒውተር መምህሩ።

ሚጢጢ ማብሪያውን ተጫነች። ነጫጭ ጽሑፎች በጥቁሩ ስክሪን ላይ እየተጣደፉ ወረዱና ቀጥ አሉ። የመጨረሻው መስመር ለአራተኛ ጊዜ «ከርነል ፓኒክ» ይላል። ከርነል ማለት ኮምፒውተር ሲነሳ ቀድሞ የሚነቃው፣ ሌላውን ሁሉ የሚቀሰቅሰው የሲስተሙ እምብርት ነው። እሱ ከደነገጠ ሌላው ሁሉ ተኝቶ ይቀራል።

ዶክተር ከበሩ አጠገብ እጇን አጣምራ ታያለች። ስሙን ያወጡላት የክፍሏ ልጆች ናቸው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ የታመመ ኮምፒውተር ሁሉ የዳነው በእሷ እጅ ነዋ! ሚጢጢ ከሌላ ትምህርት ቤት ተዛውራ ከመጣች ገና ሁለት ወሯ ነው። ቁመቷ አንድ ክንድ፣ ዝናዋ ግን ግቢውን ሞልቶታል። ባለፈው ሳምንት ቲቸር ራሳቸው «አዲሷ ዶክተር» ብለው ጠሯት። ያን ቀን ዶክተር እርር ድብን ብላ ምሳዋን እንኳ ሳትቀምስ ዋለች።

«ከነገ ወዲያ ኤግዚቢሽን ነው፤ የሁላችሁም ሥራ ያለው እዚህ ውስጥ ነው» አሉ ቲቸር ግንባራቸውን እያሹ።

«ቲቸር፣ አራቱንም ጊዜ እዚሁ መስመር ላይ ነው የቆመው» አለች ሚጢጢ። «ሰኞ ያጸዳሁት ሚሞሪ ቢበላሽ ኖሮ አንዴ እዚህ፣ አንዴ እዚያ ይቆም ነበር።»

ልክ ናት። ዶክተርን ያበሸቃትም ልክ መሆኗ ነው።

ቲቸር ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብለው ከጠረጴዛው ጎን በሲባጎ የተንጠለጠለውን ደብተር ገለጡ። የክፍሉ ሕግ ነው፤ ትልቁን ኮምፒውተር የነካ ሁሉ፣ እሳቸውም ቢሆኑ፣ ቀኑንና ያደረገውን ጽፎ ይፈርማል። የመጨረሻው መስመር የሚጢጢ ነበር፦ «ሰኞ። ሚሞሪውን አውጥቼ አቧራውን ጠርጌ መለስኩ።»

«ይኸው! ከዚህ በኋላ ማንም አልነካውም። በደንብ ሳትገጥሚው ቀርተሽ ነው፣ የኔ ልጅ።»

«ገጥሜዋለሁ እኮ…» ሚጢጢ እንባ እንባ አላት።

«እንግዲህ የኮምፒውተር ጠጋኝ ይጠራና ዲስኩን ደምስሶ እንደ አዲስ ይጫነው። ሌላ ምን ይደረጋል?»

ክፍሉ ተንጫጫ። አንዷ ሦስት ወር የሣለችው ካርቱን ነው፣ ሌላው የሠራው ጌም ነው የሚደመሰሰው።

ዶክተር ግን ማን እንደነካው ታውቃለቻ! ትናንት ከሰዓት፣ ቲቸር አምነው በሰጧት ፓስወርድ ገብታ ሲስተሙን እያደሰች ነበር። በመስኮቱ በኩል ሚጢጢና ቲቸር እየተሳሳቁ ሲያልፉ አየች። ደሟ ፈላ። ስክሪኑ ላይ የዲስኩ ቦታ ስለመሙላቱ አንድ ማስጠንቀቂያ ብቅ አለ፤ ሳታነብ «እሺ» የሚለውን ተጫነች፣ ኮምፒውተሩን አጠፋችው፣ ምን እንደሚያስቃቸው ልትሰማ ሮጣ ወጣች። ደብተሩ ትዝም አላላት።

አሁን ቁልጭ አለላት። ቦታ ስላልነበረ ከእድሳቱ ጋር የመጣውን አዲሱን ከርነል ከዲስኩ ጋር የሚያስተዋውቀው ፋይል ሳይጻፍ ቀርቷል። ዲስኩን ካላገኘ ከየት ይቀጥል? አሮጌው ከርነል ግን እዚያው አለ።

«እኔ ልሞክረው» አለች።

ሚጢጢ ወንበሩን ለቀቀችላት። ዶክተር ኮምፒውተሩን አብርታ ወዲያው አንዷን ቁልፍ ተጭና ያዘች፤ የከርነሎቹ ዝርዝር መጣ፤ ከላይ ያለውን አዲሱን ትታ ሁለተኛውን መረጠች። ጽሑፉ ወረደ፣ ወረደ፣ ሁልጊዜ የሚቆምበትን መስመር አለፈ። ሰማያዊው ገጽ ብቅ አለ።

«ዶክተር! ዶክተር!» ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። ኧረ እንዴት ናፍቋት ኖሯል! አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

«እሰይ! እጅሽ ይባረክ» አሉ ቲቸር። «አንቺ ሚጢጢ ደግሞ ከእንግዲህ ትልቁን አትንኪ፤ ትንንሾቹ ይበቁሻል።»

ከኋላ አንዱ «ሼም!» ሲል ጥቂቶች ሳቁ። ሚጢጢ ወደ ዶክተር ጠጋ ብላ በሹክሹክታ ጠየቀቻት፦

«በአሮጌው ከተነሳ ሚሞሪው ደህና ነው ማለት ነው አይደል? እኔ አይደለሁማ ያበላሸሁት?»

«እንጃ» የሚለው ቃል የዶክተር ምላስ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ማን ያውቅባታል? ደብተሩ አያውቅ፣ ቲቸር አያውቁ። ቅናቱም ቢሆን አልለቀቃትም፤ ይህች ብጥሌ የምታክል ልጅ ገና ከጅምሩ ሚሞሪው እንዳልሆነ ነቅታ ነበር፣ እኮ ምን ብላ ትውደዳት! ግን ልጅቷ ዓይን ዓይኗን እያየች መልስ ትጠብቃለች፤ የምትጠይቀውም ሌላ ሰው ሳይሆን እሷን ነው።

«አይደለሽም» አለቻት።

ደብተሩን ስባ ከሚጢጢ መስመር ሥር ጻፈች፦ «ማክሰኞ ከሰዓት። ሲስተሙን ሳድስ ማስጠንቀቂያውን ሳላነብ ኮምፒውተሩን አጠፋሁት።»

እንደ ልማዷ «ዶክተር» ብላ ልትፈርም «ዶ»ን ጻፈችና ቆመች። ሰረዘቻት። እናቷ ያወጣችላትን ስም ከነአባቷ ጽፋ፣ ደብተሩን ከነሲባጎው አዙራ ቲቸር ፊት አስቀመጠችው።