ሳቅ የሚጥለው ፕሮግራም

«ያለችን አንዲት ጀልባ ናት፤ ወደ ገበያው ትሂድ!» አሉ የአደጋ መከላከያ ኃላፊዋ፣ ግድግዳው ላይ የበራውን ካርታ እያዩ።

ካርታው የሚጡና መነጽሩ የሚል ቅጽል ስም የወጣለት ጓደኛዋ የእጅ ሥራ ነው። ሁለቱ ተማሪዎች በትምህርት ቤታቸው ክበብ የሠሩት ፕሮግራም፣ ሰው ስለ ጎርፉ በማኅበራዊ ሚዲያ የሚጽፈውን እየለቀመ እርዳታ የተጠየቀበትን ቦታ በቀይ ነጥብ ያሳያል። ገበያው ቀልቷል። ወንዙ ዳር ያለው የሚጡ ሰፈር ግን አንድም ነጥብ የለውም።

ይሄ ለሚጡ አልዋጥላት አለ። ቧንቧ ሲቋረጥ እንኳ አገር ይያዝልኝ የሚል ሰፈር ዛሬ ምን ዘጋው? ፕሮግራሙ የጣላቸውን መልእክቶች ከፈተች።

«ሳሎናችን መዋኛ ሆኗል፣ መግቢያ በነፃ ሃሃሃ!»

«እማማ ቁም ሳጥን ላይ ነግሠዋል። ዙፋኑ ሳይሰምጥ ድረሱ ሃሃሃ!»

ክው አለች። እማማ በከዘራ የሚሄዱ፣ ያሳደጓት ጎረቤቷ ናቸው። «ሃሃሃ» ያለበትን ሁሉ ቀልድ ነው ብሎ እንዲጥል ፕሮግራሙን ያዘዘችው ደግሞ ራሷ! የሰፈሯ ሰው ሲጨንቀው ቀልዱ እንደሚብስበት እንዴት ረሳችው?

መነጽሩ ክንዷን ያዘ። «በናትሽ እንዳትናገሪ! ከዚህ በኋላ ማን ያምነናል? ልፋታችን ገደል ገባ። ኋላ ቀስ ብለን እናስተካክለዋለን።»

«ኋላ? ሰውዬ፣ እማማ ቁም ሳጥን ላይ ናቸው እኮ!»

ተነሳች። «ይቅርታ፣ ካርታው ተሳስቷል። ያሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

ኃላፊዋ መልእክቶቹን አነበቡ። «ይሄ ቀልድ አይደለም እንዴ ልጄ?»

«እኛ ሰፈር እንዲህ ከተቀለደ ውሃው አንገት ደርሷል ማለት ነው።»

ማጣሪያውን አነሳችው። የወንዙ ዳር ባንዴ ቀላ፤ ከገበያው ባሰ። ኃላፊዋ ወደ ገበያው ደወሉ። ሰዉ ፎቅ ላይ ሆኖ ቪዲዮ እየቀረጸ ነው፤ ደህና ነው። ሬዲዮውን አነሡ። «ጀልባዋን መልሱ! ወደ ወንዙ ዳር!»

ከዚያ መጠበቅ ብቻ ሆነ። ሚጡ ጥፍሯን በልታ ጨረሰች።

በመጨረሻ ሬዲዮው ተንጫጫ። «ሁሉንም አወጣን! አንዲት ባለ ከዘራ እናት ‹አረፈዳችሁ!› እያሉ ይቆጡናል!»

ክፍሉ በጭብጨባ ተናወጠ። ኃላፊዋ ሚጡን እቅፍ አድርገው ሳሟት፤ እሷም ደስታው አሸነፋትና አለቀሰች።

እንባዋን ጠርጋ ወደ ወንበሯ ተመለሰች። ፕሮግራሙ የጣላቸው ሌሎች መልእክቶች ገና አልተነበቡም። ከላይ ጀመረች።

መነጽሩ ወንበሩን ወደ አጠገቧ ሳበ።

«እኔ ከታች ልጀምር» አለ።