የወርቂቱ ራጅ

ግንቦት ፲፪ ቀን ፲፱፻፷፯ ዓ.ም. የሳንባ ነቀርሳ መመርመሪያ ራጅ የተጫነበት መኪና፥ ከደሴ ተነሥቶ ሦስት ቀን ጭቃ ሲያቦካ ሰንብቶ መካነ ሰላም ገባ። በዚያው ሰሞን የባላባቱ መሬት ለጭሰኞች እንዲከፋፈል የወጣው አዋጅ በየመንደሩ ይነበብ ነበር፤ ነገር ግን ረኃቡ በሬውንም ዘሩንም ፈጅቶት ስለ ነበር፥ ብዙው ሰው መሬት አግኝቶ የሚዘራው አጣ።

ራጅ አንሺው ጀብሪል የዚያው አገር ልጅ ነው። እናቱ ሀጀራ በአራስ ቤት ስትሞትበት ጡት አጥብታ ያሳደገችው ጎረቤቷ ወይዘሮ ወርቂቱ ነበረች፤ እሷ ክርስቲያን፥ እሱ እስላም መሆኑ በዚያ አገር ማንንም አስገርሞ አያውቅም። በምርመራው የመጨረሻ ቀን ከተመርማሪዎቹ ሰልፍ ጭራ ቆማ ባያት ጊዜ መጀመሪያ አላወቃትም፤ ያ ሰፊ ትከሻዋ የለም፤ ትስላለች፤ በጀርባዋም ትልቅ ቅል እንደ ሕፃን አዝላለች።

«አንድ ፊልም ብቻ ቀርቶኛል፤ እሱም የአንቱ ነው፤ ይቁሙልኝ እምዬ» አላት።

ወርቂቱ ግን ቅሉን አውርዳ ፊቱ አኖረችው። ውስጡ የባቄላ ዘር ነበር፤ ነቅዞ። ከረኃቡ የተረፉት የገበሬ ማኅበሩ በሬዎች ሁለት ብቻ ናቸውና፥ ሊቀ መንበሩ አሻግሬ የፍሬዎቹን ቀዳዳ አይቶ በነቀዘ ዘር በሬ እንደማያደክም ነግሯታል። በሬ ካላገኘች አትዘራም፤ ካልዘራች በስልሳ ዓመቷ ያገኘችው የመጀመሪያ መሬት ለሌላ ይሰጣል። የተበሳውን ሁሉ ለቅማ ጥላ ነበር፤ ከውጭ ደህና የሚመስለው ግን በሆዱ ትል ይያዝ አይያዝ በምን ትወቅ?

ጀብሪል ግራ ገባው። የወርቂቱ ዘር ነቅዞ አያውቅም፤ ከምድጃዋ በላይ ሰቅላ ጭስ ስለምታጠግበው ነቀዝ አይደፍረውም ነበር። ምን እንዳገኘው ጠየቃት።

«ጭስ ከየት ይምጣ ልጄ? ስድስት ወር እሳት አላነደድሁም። የሚበስል ሳይኖር ማን ያነዳል?»

ስድስት ወር ሙሉ አንድ ቅል ባቄላ ከራሷ በላይ ተሰቅሎ፥ እሷ ከሥሩ ሳትበላ አድራለች፤ ጀብሪል ደግሞ ደሴ ተቀምጦ «ወርቂቱ ብርቱ ናት፤ አትቸገርም» እያለ ራሱን ሲያጽናና ከርሟል። አፈረ። ፊልሙ ለደረቷ እንጂ ለሌላ እንዳይሆን አጥብቆ ለመናት።

«አብሽር» አለችው እየሳቀች፤ «ደረቴንማ ታውቀው የለም? ሁለት ዓመት ተንጠልጥለህበታል። ይልቅ ይኸን እይልኝ።»

ከቅሉ ሳትመርጥ እየዘገነች፥ አራት መቶ ፍሬ ፊልሙ በታሸገበት ማኅደር ላይ በረድፍ በረድፍ ደረደረች። ለሰው ደረት የሚለቀቀው ጨረር ለባቄላ ይበዛል፤ ፊልሙ ከጠቆረ ደግሞ ምትክ የለም፤ ስለዚህ ጀብሪል ጨረሩን እጅግ አሳንሶ፥ በልቡ ቢስሚላህ ብሎ አነሣ። ፊልሙ ታጥቦ እስኪወጣ ወርቂቱ ከረድፎቿ አጠገብ ቁጭ ብላ ዶሮ ስትከላከል ቆየች።

አሻግሬ ተጠርቶ መጣ። ፊልሙን ወደ ፀሐይ አንሥቶ አየ፤ ሦስት መቶ የሚያህለው ፍሬ ድፍን ነበር፤ የቀረው ሆዱ ጎድጉዷል። አላመነም። ፊልሙ ነቅዟል ያለውን አንዱን ከረድፉ አንሥቶ በካራ ሰነጠቀ፤ ነጭ ትል ተንፈራገጠ። ደህና ነው ያለውንም ሰነጠቀ፤ ድፍን ነው፤ እንግዲህ ከቅሉ ዘር ከአራት ሦስቱ ደህና ነው ማለት ነው።

«ሐሙስ በሬው ይመጣልዎታል» አላት።

«እግዜር ይስጥልኝ፤ ደህናይቱን ግን ምነው ባይሰነጥቋት» አለችው።

ባቄላው በሰኔ ተዘራ፤ በመስከረምም ለጀብሪል እሸት ላከችለት። በወሩ ይመለሳል የተባለው የራጅ መኪና ግን ለሌላ ሥራ ተወስዶ ቀረ፤ ሳሏም በሁለተኛው ክረምት ገደላት። ዘሯ ከእሷ ተርፎ በጎረቤቶቿ ማሳ ላይ ነበር።

የዘመኑን ታሪክ የጻፉ ሰዎች አዋጁን መዘገቡ፤ በረኃቡ ያለቀውንም ሕዝብ በግምት ቆጠሩ። ስለ ወርቂቱ የተጻፈው ግን ጀብሪል ለዚያ ፊልም በመዝገቡ ያሰፈረው አንድ መስመር ነው፤ «ወይዘሮ ወርቂቱ፤ ዕድሜ ስልሳ፤ ደረት ደህና» ይላል። ለባቄላ የዋለውን ፊልም ለማወራረድ የጻፈው ሐሰት መሆኑን ከእሱ በቀር ማንም አያውቅም ነበር፤ እሱም እስኪሞት ድረስ አልሰረዘውም።