ከምላስ ሥር ያለው ጠጠር

በአዝማራን መንግሥት የበርኒ ወንዝ በአንድ ጀንበር ነጠፈ። በሦስተኛው ቀን ደግሞ የፍርድ ጠጠሩ ከችሎት ተሰረቀ። የአዝማራን ዳኛ ሁለቱ ባለጉዳዮች ተናግረው እስኪጨርሱ ያንን ጠጠር ከምላሱ ሥር አኑሮ ዝም ይላል፤ ሕጋቸው ይኸው ነበር።

«ሸንጋር ነው! ይዞት ሲበር አይተነዋል፤ ወንዛችንንም የደፈነው እሱ ነው!» ብሎ ሕዝቡ ጮኸ። ሸንጋር በወንዙ ምንጭ አጠገብ የሚኖር ክንፋም አውሬ ነው።

ወጣቷ ዳኛ ሳሬዳ ሰይፏን ታጠቀች። «በአባቶቼ ወንበር እምላለሁ፤ ውኃውን ሳልመልስ አልመለስም!» አለች። አብሯት የወጣው አጎቷ ቡርጃ ብቻ ነበር፤ አባት ሆኖ ያሳደጋት፣ ጦሩ ስቶ የማያውቅ ሽማግሌ።

ሰባት ቀን አቀበት ወጥተው ሸንጋርን ከዋሻው ደጅ ተጋድሞ አገኙት። አውሬው ጠጠሩን በጥፍሩ ገፋ አድርጎ ከእግሯ ሥር አኖረላት።

«ዳኛ ሆይ፣ የሰረቅሁት አንቺ እንድትመጪ ብዬ ነው። ሰው ሲያየኝ ጦር እንጂ ጆሮ አይሰጠኝም። ከምላስሽ ሥር አድርጊውና ስሚኝ። ወንዙን...»

ሳሬዳ ጠጠሩን ከመቀነቷ ሸጎጠችው። ምን ታድርግ፣ ሕፃናት በውኃ ጥም ሲያለቅሱ ትታ ነው የመጣችው! ፍርዱንም ገና መንገድ ላይ ጨርሳዋለች።

«ልጄ፣ ይጨርስ እንጂ» አለ ቡርጃ።

«አጎቴ፣ ሌባ እጅ ከፍንጅ ተይዞ የምን ማዳመጥ ነው? በለው!»

ቡርጃ እያመነታ ወረወረ። ጦሩ አልሳተም። ሸንጋር በጣር ሲወራጭ ጅራቱ ሽማግሌውን ከዓለት ጋር አላተመው። ሁለቱም በዚያው ቀሩ።

ሳሬዳ አልቅሳ አልቅሳ ወደ ምንጩ ብትዞር፣ ወይ ጉድ! ምንጩን የደፈነው የተናደ ገደል ነበር። ናዳው ወደ ዳር ተዝቋል፤ በየድንጋዩ ላይ የሸንጋር ደምና የተሰበረ ጥፍር አለ። የቀረው አንድ ዓለት ብቻ ነው፤ እሱም ከጠባብ ስንጥቅ ተሸጉጦ፣ የአውሬው መዳፍ አልገባ ብሎት እንጂ የሰው ክንድ ይበቃው ነበር። በአጎቷ ጦር ፈነቀለችው። ውኃው ፏ ብሎ ወረደ።

አዝማራን «ጀግናችን!» እያለች በእልልታ ተቀበለቻት። እሷ ግን አንገቷን ደፍታ አለፈች።

በማግስቱ ችሎት ተቀመጠች። ባለጉዳዮቹ ሲቀርቡ፣ «ቆዩ፤ ያልተሰማ ቃል አለ» አለችና ፊቷን ወደ ተራራው አዞረች።

«ሸንጋር ሆይ፣ ‹ወንዙን› ብለህ ነበር፤ ጨርስ።»

ጠጠሩን ከምላሷ ሥር አደረገች፤ ፀሐይ እስክትጠልቅም አላወጣችውም።