ዳንቴል የለበሰው ራውተር

ይህ ታሪክ ከእግር ጥፍሩ እስከ ራስ ፀጉሩ እውነት ነው። ውሸት ካለበት ምላሴ እንደ ጫማ ማሰሪያ ይተብተብ፣ ዳግመኛም ወሬ የሚሰማኝ ሰው አላግኝ። ያላመነ ሰው ቤቱ ያለውን ራውተር ሄዶ ይንካና ይመለስ። ይግላል ወይስ አይግልም?

እንግዲህ ከተግባባን ልቀጥል።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ። አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ቆመዋል። አይተያዩም።

አንደኛው ምስማር ነው። ስሙን ያወጣለት የስለላ መሥሪያ ቤቱ ነው፤ የመቱት ቦታ ገብቶ ድምፁን ስለሚያጠፋ። ዛሬ የኢንተርኔት ድርጅት ሰማያዊ ጃኬት ለብሷል። ደረቱ ላይ ባጅ አለ። ፎቶው የራሱ ነው። የቀረው ሁሉ የሌላ ሰው።

ሁለተኛው ሰው አፍንጫው ጎራዳ ነው። ካርቶን እግሩ ሥር አስቀመጠ።

«አውቶቡሱ ዘገየ።»

«ጎማው ተንፍሶ ይሆናል» አለ ምስማር።

ምልክቱ ይኸው ነበር። ጎራዳው ካርቶኑን ትቶ ሄደ። አውቶቡሱም ወዲያው መጣ፤ ጎማው ምንም አልሆነ።

ካርቶኑ ውስጥ ራውተር አለ። ሁለት አንቴና፣ አራት መብራት፣ ሆዱ ላይ ቁጥር የተለጠፈበት፣ ማንም ሰው ቤት ያለ ዓይነት። ግን ይህኛው ሁለት እንጀራ ነው የሚበላው። ለቤቱ ዋይፋይ ይሰጣል፤ ለመሥሪያ ቤቱ ደግሞ ያነፈንፋል። ወሬ መስማት አይችልም፤ ቦታ ነው የሚያሸተው። የቪዲዮ ጥሪ ሰባት ደቂቃ ከቆየለት፣ በወዲያኛው ጫፍ ያለው ሰው የት አገር፣ የትኛው ፎቅ፣ የትኛው ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ይናገራል።

ትእዛዙን የሰጠው አለቃው ነው። የሚጠሩት «አጎቴ» ብለው ነው። የሥጋ ዝምድና የለም።

«አሮጊቷ ቤት ግጠም። ልጇ ይደውላል። ሰባት ደቂቃ ይቆይ። ከዚያ ውጣ።»

ልጅየው የመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ጠባቂ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ከአገር ጠፋ። አጎቴ እንደሚለው የጠፋው የሦስት ሰላዮችን ስም ሸጦ ነው። ሦስቱም የገቡበት አልታወቀም። አንዱ የምስማር የልብ ጓደኛ ነበር። ስለዚህ ምስማር ካርቶኑን ያለ ማመንታት አነሳ።

ይህ እንግዲህ ከበሩ በፊት ነው።

ሦስተኛ ፎቅ። ሳያንኳኳ ተከፈተለት። ሴትዮዋ ጡረታ የወጡ የጽሕፈት መኪና ጸሐፊ ናቸው፤ ጣቶቻቸው ዛሬም ሥራ አይፈቱም። ቀሚሳቸውን ተኩሰው፣ ፀጉራቸውን አበጥረው፣ ከጠዋት ጀምሮ ሲጠብቁ እንደዋሉ ነገሩት። ባንደኛው ዓይናቸው ማየት ካቆሙ ቆይተዋል። ሐኪሙ ለቀረው ዓይን የሰጣቸው ጊዜ በወራት የሚቆጠር ነው።

«ድምፁንማ በስልክ ሰምቻለሁ» አሉት። «እኔ የፈለግኩት ፊቱን ነው። ይቺ አንዷ ዓይኔ ሳትከዳኝ።»

ምስማር ገመድ መፍታት ጀመረ።

ሙያውን የተማረው ሦስት ቀን ነው። ያስተማረው ሰው እውነተኛ የራውተር ገጣሚ ነበር፤ ሃያ ዓመት በሰው ሳሎን ውስጥ ተንበርክኮ የኖረ። የመጀመሪያ ትምህርቱ ስለ ገመድ አልነበረም። ስለ ጨርቅ ነበር። እናቶች ራቁቱን የቆመ ዕቃ አይወዱም፣ ያለብሱታል፣ ዕቃው ታፍኖ ይቃጠላል ብሎ አስጠነቀቀው። ጥፋቱ ከመደጋገሙ የተነሳ የገጣሚዎች ቅጽ ላይ የራሱ ሳጥን አለው፤ ከሁሉም በላይ ታትሟል፦ «በደንበኛው ተሸፍኖ የተቃጠለ»። የአጎቴ ራውተር ደግሞ ይብሳል። ሁለት ሥራ የሚሠራ ዕቃ ገና ሲነሳ ትኩሳት እንደያዘው ሰው ነው።

ሳሎኑን ዞር ብሎ አየ።

ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ለብሷል። ሬዲዮው ዳንቴል ለብሷል። የቴሌቪዥኑ ሪሞት እንኳ የራሱ ትንሽ ዳንቴል አለው። ቢቆይ እሱንም የሚያለብሱት መሰለው።

ሰካው። አንድ መብራት። ሁለት። ሦስተኛው ቀልቶ ቆየና አረንጓዴ ሆነ። የተረፈውን ገመድ ጠቅልሎ ቀና ሲል ራውተሩ ለብሷል። ነጭ ዳንቴል፣ በልኩ የተሠራ፤ ለአንቴናዎቹ ሁለት ቀዳዳ ሳይቀር ተትቶላቸዋል። ልኩን የኢንተርኔት ድርጅቱ ከላከላቸው ማስታወቂያ ወረቀት ላይ ነው የወሰዱት።

«እማማ፣ ይህ አይሸፈንም። ይቃጠላል።»

«ልጄን የሚያመጣልኝ ዕቃ ራቁቱን ይቀመጥ?»

አወለቀው። ሴትዮዋ እንደ ተቆጡት ሕፃን አጥፈው ያዙት። ጥቂት ቆይቶ ዞር ሲል እንደገና ለብሷል። እሳቸው ራሳቸው ደነገጡ። እጃቸው እንጂ እሳቸው አላለበሱትም ነበር። እንደገና አወለቀው።

ፓስወርድ እንዲመርጡ ጠየቃቸው።

«ጉንጮዬ በል። በልጅነቱ የምጠራው እንደዚያ ነው።»

«አጭር ነው እማማ። ይርዘም።»

«እንግዲያው ጉንጮዬ ናፍቀኸኛል በል።»

ምስማር ጻፈ። በሕይወቱ ብዙ የሰው ምስጢር ሰርቋል። አንዱም እንዲህ ተፈልቅቆ እጁ ላይ ተቀምጦ አያውቅም።

ጠረጴዛው ላይ ያለው የሴትዮዋ ታብሌት ጮኸ።

ልጅየው ከሳ ብሏል፤ ጢም አብቅሏል። እናት የታብሌቱን መስታወት በጣታቸው ነኩ። አንድ ደቂቃ። ምስማር ከኋላ ቆሞ ይቆጥራል።

«ከሳህ።»

«አንቺ ነሽ የከሳሽው እማ።»

ሁለት ደቂቃ። ደስታ ሲበዛባቸው ታብሌቱን አዞሩት።

«ያገናኘን ልጅ ይኸው። አመስግነው እንጂ።»

ልጅየው ምስማርን አየ። አንድ ኮሪደር ላይ ስድስት ዓመት ሠርተዋል።

ፊቱ እንደ በር ተዘጋ።

«እማ፣ መነጽርሽን አድርጊና በደንብ እዪኝ እስቲ።»

እናት ወደ መኝታ ቤት ገቡ።

«ምስማር። ስንት ቀረኝ?»

ምስማር ወደ መኝታ ቤቱ በር አየ።

«ስንት?»

«አራት ተኩል።»

«ማንንም አልሸጥኩም። ሦስቱም እንዳንተ ካርቶን ይዘው ሰው ቤት የገቡ ናቸው። ሥራው ሲያልቅ ተሸካሚውም ያልቃል። በመዝገቡ ላይ የአጎቴን ፊርማ አይቻለሁ። የሸሸሁት ለዚያ ነው።»

«ትዋሻለህ።»

«በመስኮት ተመልከት። እኔ ሌላ አገር ነኝ። ታች የቆመው ሰው ማንን ነው የሚጠብቀው?»

ምስማር መጋረጃውን በአንድ ጣት ገፋ።

ግራጫ መኪና። ሞተሩ አልጠፋም። መሪው ላይ ጎራዳው ሰውዬ።

ጓደኛውም በጠፋበት ቀን ካርቶን ይዞ ነበር። ረዳት ሆኖ መንገዱን ያሳየው ራሱ ምስማር ነው።

«ዝጋው» አለ።

«እኔ ብዘጋው አስጠነቀቀው ይሉሃል። ገመዱን ብትነቅለውም ያው ነው። ያኔ አንተም እናቴም አበቃላችሁ።»

ሦስት ደቂቃ ተኩል።

ሰላይ የማይጠረጠርበት ጥፋት በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነበር። ቅጹ ላይ ከላይ ታትሟል።

ምስማር ዳንቴሉን አነሳ። አለበሰው። አንቴናዎቹን በቀዳዳቸው አሳለፈ። ወንበሩ ላይ የተጣለውን የሱፍ ሻል አራት አጥፎ ደረበበት።

እናት መነጽራቸውን አድርገው ተመለሱ። ራውተሩ በማያየው ዓይናቸው በኩል ነው።

«ቀረብ በዪ እማ» አለ ልጅየው። ድምፁ ተለውጧል። የሚያወሩት ስለ ጢሙ ነበር። ተላጨው አሉት። እሺ አለ። ማን ያበስልልሃል አሉት። ራሴ አለ። ሳቁ። ቢላዋ ይዞ ጣቱን ያልቆረጠበት ቀን እንደሌለ ለምስማር ነገሩት።

አምስት ደቂቃ። የፕላስቲክ ሽታ መጣ።

ስድስት።

መብራቱ ቀላ።

ስድስት ከአርባ ሰከንድ።

ጠፋ።

የልጅየው ፊት እየሳቀ ደርቆ ቆመ፤ ከዚያ ታብሌቱ ጠቆረ። ምስማር ሻሉን ገፎ ወንበሩ ላይ ወረወረ። ዳንቴሉን ተወው። እናት ሽታው ሲመጣባቸው ዞሩ። አዩት። ጠርዙ ቡናማ ሆኗል።

«መልሼ አለበስኩት እንዴ?»

አይደለም ማለት ይችል ነበር። ግን ጎራዳው ወጥቶ ይጠይቃቸዋል። መዋሸት የማያውቅ ሰው የሚድነው ያመነውን ሲናገር ብቻ ነው።

«አዎ እማማ» አለ።

ስልኩ ጮኸ። አጎቴ።

«ምን ሆነ?»

«ተቃጠለ። ሴትዮዋ ጨርቅ አልብሳው ነበር።»

«ጨርቅ?»

«ዳንቴል።»

የሦስት ወር ዝግጅት በዳንቴል አለቀ። አጎቴ ስልኩን ዘጋ። ጎራዳው ሌላ ባጅ አንጠልጥሎ፣ የምስማር ተቆጣጣሪ ነኝ ብሎ ወጣ። ራውተሩን ነካ፤ ጣቱን ጠበሰው። ሴትዮዋን ጠየቀ። አልቅሰው ነበር፤ ግን ቀጥ ብለው ነው የመለሱለት።

«እኔ ነኝ ያቃጠልኩት። ልጁን አትቆጣው፤ ሁለት ጊዜ ከልክሎኝ ነበር።»

ቅጹ ላይ ከላይኛው ሳጥን አጠገብ ፈረሙ። ምስማር እስክሪብቶውን ያዘላቸው። ሥራው ያላለቀ ሰው አይሰረዝም፤ ነገ ሌላ ካርቶን ተቀበል ተባለ።

በሩ ላይ ሴትዮዋ ክንዱን ያዙት።

«ምንም አይደል ልጄ። ፊቱን አይቻለሁ። ይበቃኛል።»

በማግስቱ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ጎራዳው ብቻውን ቆመ። መሥሪያ ቤቱም ለአንዲት አሮጊት ሁለተኛ ዕቃ ማባከን አልፈለገም ይባላል። ልጅየው አልተያዘም። ግን ከዚያ ወዲህ ወደዚያ ቤት አልደወለም፤ በስልክም ቢሆን።

ምስማር አሁን አንድ ሌላ ከተማ ውስጥ ራውተር ይገጥማል። የምር። ባጁ ላይ ያለውን ስም የሚያነብ ሰው የለም፤ በሩ ከተዘጋ በኋላም መልኩን የሚያስታውስ የለም። ዕቃ የሸፈነች እናት ስታጋጥመው አይቆጣም። ጨርቁን በሁለት እጁ አጥፎ ይመልስላታል፤ ከላይ ያለውን ሳጥን ግን ለማንም ሞልቶ አያውቅም። «የፋብሪካ ጉድለት» ብሎ ይጽፋል። አለቆቹ ፋብሪካው እንዲህ የከፋ መሆኑ ይገርማቸዋል።

ታሪኩ ይኸው ነው። ከላይ ስለማልኩ አንድ ነገር ብቻ ላርም፤ የፈጠርኩት እሱን ብቻ ነው። በሩ ላይ ሴትዮዋ ምንም አላሉም። ክንዱንም አልያዙም። ጀርባቸውን ሰጥተው፣ የተቃጠለውን ዳንቴል እንደ ፎቶ ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ቆመው ነበር። ምስማር ደረጃውን እስኪጨርስ የሆነ ቃል ጠበቀ። ባይባልለትም፣ እኔ ጨመርኩለት።