ገና ያልገባው 2020

«እማ፣ ግዢ ይላል። ትርፉ በሦስት ዓመት እጥፍ ሆኗል» አለች ፋይዛ፣ ስልኳን እያወዛወዘች።

እናቷ መይሙና ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ባለችው የጨርቅ ሱቃቸው ውስጥ ብሯን ወደ ቦርሳዋ እያስገባች ነበር። ዕቁቡ ትናንት ነው የደረሳት። የአንድ ዱቄት ፋብሪካ አክሲዮን ልትገዛበት አስባ «እስቲ በዚያ ኤአይሽ አጣሪልኝ» ስትላት፣ ፋይዛ በደስታ የምትሆነውን አጣች። በአሥራ አምስት ዓመቷ የቤቱ አማካሪ መሆን ቀላል ነገር አይደለም። የአማርኛውን ሪፖርት ከፋብሪካው ቢሮ፣ የእንግሊዝኛውን ከኢንተርኔት አግኝታ ሁለቱንም ስልኳ ላይ ላለው ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ ለኤአዩ፣ ሰጠችው። ደቂቃ እንኳን አልፈጀበትም።

ጓደኛዋ ሌንሳ የጨርቅ ጥቅል ላይ እንደተቀመጠች አጨበጨበች። «ጀለሴ፣ አንቺማ አራዳ ነሽ።»

«እስቲ አንብቢልኝ» አለች መይሙና።

«በ2017 ትርፉ ሠላሳ ሚሊዮን። በ2020 ስልሳ ሚሊዮን።»

«2020? ገና 2018 ላይ አይደለን እንዴ? ትንቢትም ይናገራል?»

«በፈረንጅ ነው፣ እማ» ብላ ሳቀች ፋይዛ። ሳቋን ግን አልጨረሰችውም። 2020 የመጣው ከእንግሊዝኛው ሪፖርት ነው። 2017ስ? ከአማርኛው። ደብተሯን አውጥታ ከ2020 ስምንት ቀነሰች። የፈረንጁ 2020 በእኛ 2012 ነው፤ 2017 ደግሞ አምና። ስለዚህ ስልሳው ቀድሞ፣ ሠላሳው ኋላ ነው የመጣው። ትርፉ በግማሽ ወርዷል። ደነገጠች፤ ግን ደስም አላት። ያን የሚያህል ኤአይ ስህተት ሲሠራ እጅ ከፍንጅ ይዛዋለች።

መይሙና ቦርሳዋን ዘጋች። «የዕቁብ ጓደኞቼ እነ ፀሐይቱ ሰንጋ ተራ አክሲዮን መሸጫው ጋ እየጠበቁኝ ነው። ልጄ አጣርታልኛለች ስላልኳቸው እነሱም ሊገዙ ነው።»

ሌንሳ ደብተሩን አየችና ወደ ፋይዛ ጆሮ ተጠጋች። «በቃ ኤአዩ ዋሸኝ በያት። አንቺ ምን አገባሽ?»

«እማ፣ እንዳትሄጂ» አለች ፋይዛ። «ተሳስቻለሁ።»

ዓመቶቹን አንድ በአንድ አስረዳቻት። መይሙና ደብተሩን ሁለት ጊዜ አየችው። «እና ያ ኤአይሽ ውሸታም ነው?»

ፋይዛ ሌንሳን ሰረቅ አድርጋ አየቻት። «የሰጠሁትን ነው የደረደረው። የማን አቆጣጠር እንደሆነ አልነገርኩትም፤ መልሱንም ሳላመሳክር ነው ግዢ ያልኩሽ።»

እናቷ ቦርሳውን መሳቢያ ውስጥ ከትታ ቆለፈችበትና ስልኳን አነሳች። «እነሱንስ ምን ልበላቸው?»

«አትደውዪ» አለች ፋይዛ፣ ደብተሯን ብብቷ ስር ሸጉጣ። «አብረን እንሂድ። ለእትዬ ፀሐይቱ እኔው ነኝ የምነግራቸው።»